ለመሬትም ጉዝጓዝ ያስፈልጋታል

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት በገዛ ግቢያችን ውስጥ ከደረሰብን ችግር የተነሣ ነው። ከሰው ሰምተን ብቻ ሳይሆን በእጃችን ሠርተን፣ ተሳስተንም ያየነው ስለሆነ በጥሞና እንድታነቡልን በትሕትና እንጠይቃለን።

1. ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. የወጣት ክፍላችን በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ በስተ ምሥራቅ ባለው ባዶ ቦታ 40 የወይራ፣ የዝግባና የጥቁር እንጨት ችግኞች ተከለ። ለእያንዳንዱ ችግኝ ከሕፃናት ክፍል አንድ ልጅ አሳዳጊ ሆኖ ተመደበ፤ ስሙም በትንሽ ጣውላ ላይ ተጽፎ ከችግኙ አጠገብ ቆመ። ዘመርን፤ ተደሰትን፤ ፎቶግራፍም ተነሣን። ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጥቅምትን እንደ ምንም አለፉት። በታኅሣሥ ቅጠላቸው ጠወለገ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ስንቆጥር በሕይወት ያገኘናቸው 9 ብቻ ነበሩ። ዕድሜው ከሰባት ዓመት የማይበልጥ አንድ ሕፃን ስሙ ከተጻፈበት ጣውላ አጠገብ ቆሞ፣ «የኔ የታለ?» ብሎ ሲጠይቀን የምንመልስለት ቃል አጣን። ጣውላው እንደ ቆመ ነው፤ ችግኙ ግን ደርቆ ጭራሮ ሆኗል።

ችግኞቹን አላጠጣናቸውም ማለት አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን በ20 ሊትር ጀሪካን እየተሸከምን እናጠጣ ነበር። የቧንቧው ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ከዚያ በላይ ለማድረግ አቅም አልነበረንም። ሆኖም ያጠጣነው ውኃ ሁለት ቀን እንኳ ሳይቆይ መሬቱ ተመልሶ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃልም።

የሚያሳዝነው ግን ሌላው ነገር ነው። በዚያው ወራት ዘወትር ቅዳሜ የግቢውን የጥድ አጥር እየከረከምን፣ የረገፈውን ቅጠል እየጠረግን፣ ከግቢው ጀርባ ከምረን እናቃጥል ነበር። ጭሱም አጥር ለአጥር የሚኖሩ አንዲት እናትን ስለሚያስላቸው ሁለት ጊዜ መጥተው ወቅሰውናል። እንግዲህ ለችግኞቹ መዳኛ የሚሆነውን ነገር በአንድ በኩል እያቃጠልን፣ በሌላ በኩል ውኃ ስንሸከም ከርመናል ማለት ነው።

ይህን ያስተዋሉልን የግቢው ጥበቃ የሆኑት አባት ናቸው። አንድ ቅዳሜ ክብሪት ልንጭር ስንል ጠሩንና ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ወዳለችው አሮጌ ወይራ ወሰዱን። «ልጆቼ፣ ለመሆኑ ይህችን ዛፍ የሚያጠጣት ማን ነው?» አሉን። ማንም እንደማያጠጣት እናውቃለን። በከዘራቸው ጫፍ ከሥሯ የተከማቸውን ቅጠል ገለጥ አደረጉት። የላዩ ቅጠል ደረቅ ነው፤ ከርሱ በታች ያለው ለስላሳና የበሰበሰ ነው፤ አፈሩ ግን ጥቁርና እርጥብ ነበር። ወሩ መጋቢት ነው፤ ዝናብ ከጣለ ሰንብቷል። «እዚህ መጥረጊያችሁ ስለማይደርስ ነው» አሉና ሳቁ።

በእርግጥ ያደገች ዛፍ ሥሯ ጥልቅ ስለሆነ ከታች ውኃ ትስባለች። የችግኝ ሥር ግን ገና ከላይ ባለው አፈር ውስጥ ነው፤ የላዩ አፈር ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል። ስለዚህ ያን ቀን በከዘራ ጫፍ የተገለጠልን እርጥብ አፈር ለችግኞቻችን ያልሰጠናቸው ነገር መሆኑን ተረዳን።

2. ጉዝጓዝ ምን ማለት ነው?

በአገራችን ልማድ እንግዳ ሲመጣ ወይም በዓል ሲደርስ ቤቱ ተጠርጎ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። የእርሻ ባለሙያዎችም ይህንኑ ቃል በመውሰድ የአፈርን ገጽ በደረቅ ሣር፣ በገለባ፣ በቅጠል ወይም በተከተፈ ቅርንጫፍ መሸፈንን «ጉዝጓዝ» ይሉታል። ከብስባሽ ጋር ግን መምታታት የለበትም። ብስባሽ አስቀድሞ በጉድጓድ ወይም በክምር ከበሰበሰ በኋላ ለአፈር የሚሰጥ ማዳበሪያ ነው። ጉዝጓዝ ግን ሳይበሰብስ ከላይ የሚነጠፍ ልብስ ነው፤ መበስበሱ ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው።

ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቡና ዘር በመደብ ላይ ሲዘራ እስኪበቅል ድረስ በሣር ይሸፈናል። በሲዳማና በጌዴኦ የእንሰትና የቡና ጓሮ ውስጥ የተቆረጠው የእንሰት ቅጠልና የረገፈው የጥላ ዛፍ ቅጠል በዚያው በተክሉ ሥር ይነጠፋል። በሰሜኑም የአገራችን ክፍል፣ በተለይ በደቡብ ጎንደር፣ በእርሻና በግጦሽ መሬት መካከል እንደ ደሴት ተከበው የቀሩት የቤተ ክርስቲያን ደኖች መሬታቸው በራሳቸው ቅጠል የተሸፈነ ነው። ብዙዎቻችን «እመጓ» በተባለው መጽሐፋቸው የምናውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 እ.ኤ.አ. ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት በእነዚሁ ደኖች ላይ የተሠራ ነው። የአባቶቻችን ደን በራሱ ቅጠል ለብሶ ሲኖር፣ እኛ የከተማዎቹ ልጆች ግን «ንጹሕ ግቢ» ማለት አፈሩ ራቁቱን እስኪቀር የተጠረገ ግቢ ይመስለናል።

3. ጉዝጓዝ ለመሬት ምን ይሠራል?

አንደኛ፣ ፀሐይና ነፋስ የአፈሩን እርጥበት እንዳይወስዱት ይከላከላል። ራቁት መሬት ላይ ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍ ውኃው ተንኖ ይሄዳል፤ ከሥር ያለው እርጥበትም ወደ ላይ እየተሳበ ይከተለዋል። ጉዝጓዝ ሲኖር ግን ፀሐዩ የሚመታው ደረቁን ንጣፍ ነው፤ አፈሩ ጥላ ውስጥ ይውላል፤ ቀን ላይም ያን ያህል አይግልም።

ሁለተኛ፣ አፈሩን ከዝናብ ጠብታ ይጠብቀዋል። ኃይለኛ ዝናብ ራቁት መሬትን ሲመታ አፈሩን እየበተነ የላዩን ገጽ ይደፍነዋል። ሲደርቅም እንደ ቅርፊት ይጠነክራል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ውኃ ወደ ውስጥ መግባቱን ትቶ አፈሩን እየጠረገ ይወርዳል። ጉዝጓዙ የጠብታውን ኃይል ስለሚያበርደው ውኃው ቀስ ብሎ ይሰርጋል።

ሦስተኛ፣ አረምን ያዳክማል። ብርሃን ያላገኘ የአረም ዘር አብዛኛው አይበቅልም፤ ቢበቅልም ለመንቀል ቀላል ነው። አረም ከችግኙ ጋር በውኃ የሚሻማ ስለሆነ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

አራተኛ፣ ቀስ በቀስ በስብሶ አፈሩን ያለማዋል። የምድር ትልና በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ንጣፉን ከሥር እየበሉ ወደ አፈር ይለውጡታል። ከንጣፉ ሥር ነጭ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ብታዩ አትደንግጡ። እኛ በመጀመሪያ በሽታ መስሎን ጥለነው ነበር፤ በኋላ ግን እንጨትን የሚያበሰብስ ፈንገስ መሆኑን፣ ችግኙንም እንደማይጎዳ ተረዳን። ቅጠሉን ስናቃጥለው ግን አብዛኛው ናይትሮጂን ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ የሚተርፈን ጥቂት አመድ ነው።

4. እንዴት ይዘጋጃል?

ሀ. ጊዜው። በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን ተስማሚው ጊዜ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ፣ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ ነው። ደረቅ መሬት ላይ ጉዝጓዝ መንጠፍ ድርቀቱን ከድኖ ማስቀመጥ ነው። የደረቀ ከሆነ አስቀድሞ ውኃ በደንብ ማጠጣት ያስፈልጋል።

ለ. የሚሰበሰበው። የተከረከመ የአጥር ቅጠልና ቀንበጥ፣ የረገፈ ቅጠል፣ የታጨደና የጠወለገ ሣር ሁሉ ይሆናል። ለዘመን መለወጫና ለመስቀል በየቤታችን የተጎዘጎዘው ቄጠማ በማግሥቱ ተጠርጎ ይጣላል። ጊዜው ከጉዝጓዙ ጊዜ ጋር ስለሚገጥም እያንዳንዳችን በፌስታል ይዘን ብንመጣ ብዙ ነው።

ሐ. አከታተፉ። ቅርንጫፍ እንዳለ ቢጣል ከመሬቱ ጋር አይገጥምም፤ በመካከሉ ፀሐይና ነፋስ ይገባበታል። ስለዚህ ከአውራ ጣት የማይወፍረውን ቅርንጫፍ በግንድ ላይ አስደግፎ በገጀራ የጣት ርዝመት ባለው መጠን መክተፍ ነው። ቅርንጫፍ የሚከትፍ ማሽን ያለው ሥራው ይቀልለታል፤ የሌለው ግን በገጀራ ይበቃዋል። እንደ ሰጋቱራ መድቀቅ የለበትም፤ የደቀቀ ነገር ተጣብቆ ውኃ አያሳልፍም። የወፈረውን እንጨት ለማገዶ እንተወው። በምንከትፍበት ጊዜ ሕፃናት በአጠገብ አይኑሩ፤ ስንጣሪው ዓይን እንዳይመታም ጥንቃቄ ይደረግ።

መ. ውፍረቱ። ቅርንጫፍና ቅጠል የተቀላቀለበት ከሆነ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ደቀቅ ያለ ከሆነ 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። እርጥብ ሣር በአንድ ጊዜ በወፍራሙ ቢከመር ይሞቃል፣ ይላቁጣል፣ ይሸታልም፤ አስቀድሞ ፀሐይ ላይ አጠውልጎ በስሱ መንጠፍ ይሻላል።

ሠ. ስፋቱ። ከችግኙ ዙሪያ በየአቅጣጫው ግማሽ ሜትር ያህል ይሸፈናል። ከግንዱ አጠገብ ግን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ክብ ይተው። በዚህ ስፋትና በ8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ስናሰላው ለአንድ ችግኝ 60 ሊትር ይመጣል፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትር ባልዲ ሦስት ጊዜ ሙሉ ማለት ነው። ንጣፉ በጊዜ ብዛት ስለሚተኛና ስለሚበሰብስ በመካከሉ መጨመር ያስፈልጋል።

ረ. የማይጨመሩ ነገሮች። ዘር የያዘ አረም፣ የታመመ ተክል ቅጠል፣ እንዲሁም ተቆርጦም ሥር የሚሰድ እንደ ሰርዶ ያለ ሣር አይጨመርም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ትኩስ ሳለ ሌላውን ተክል የሚያቀጭጭ ቅባት ስላለው ለብቻው ተከምሮ ወራት ሳይቆይ ለችግኝ አይሰጥ። ምስጥ በሚበዛበት ቆላ አገር ደረቅ እንጨት ምስጥን ስለሚጠራ ከግንዱ አብልጦ ማራቅና ቶሎ ቶሎ ማየት ይገባል። ደግሞም ጧፍና ሻማ በሚበራበት፣ ደመራ በሚደመርበት ስፍራ አጠገብ ደረቅ ጉዝጓዝ አይነጠፍ።

5. የእኛ ስሕተትና ያገኘነው ውጤት

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በሞቱት ፈንታ 31 ችግኞች ተከልን። ያ «የኔ የታለ?» ያለው ሕፃንም ሌላ ወይራ ተሰጠው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጉዝጓዙን ስንጀምር ሒሳቡን ቀድመን አላሰላንም ነበር። ለ31 ችግኝ 93 ባልዲ ያስፈልጋል፤ እኛ ከሦስት ቅዳሜ ድካም በኋላ ያገኘነው 54 ባልዲ ብቻ ነው። ስለዚህ 18 ችግኝ አልብሰን 13ቱን ሳናለብስ ቀረን። «በሚቀጥለው ሳምንት እንጨርሳለን» ተባባልን፤ ሳምንቱ ወር ሆነ፤ ወሩም አለፈ።

ሌላም ስሕተት ሠርተናል። ለሁለት ችግኞች ያዘንን መስሎን ጉዝጓዙን እስከ ግንዳቸው ቆልለን አስጠጋነው። የግንዱ ልጥ ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ ስለ ዋለ በሰበሰና ሁለቱም ሞቱ። በጓሮው የጎመን መደብ ላይ ደግሞ የተከተፈውን ቅርንጫፍ ከላይ መንጠፍ ሲገባን ቆፍረን ከአፈር ጋር ቀላቀልነው፤ ጎመኑ ቢጫ ሆነና ቀጨጨ። ምክንያቱም እንጨትን የሚያበሰብሱት ሕያዋን ለሥራቸው ናይትሮጂን ያስፈልጋቸዋል፤ እንጨቱ ከአፈር ጋር ሲቀላቀል ከጎመኑ ሥር ይሻሙታል። ከላይ ሲነጠፍ ግን ሽሚያው ከንጣፉ ጋር በሚነካካው ስስ አፈር ላይ ብቻ ስለሚሆን ሥሩ ብዙም አይጎዳም።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ቆጠርን። ካለበስናቸው 18 ችግኞች 15ቱ በሕይወት አሉ፤ ሁለቱ ከላይ እንደ ተገለጸው በስብሰው፣ አንዱ ደግሞ በበዓል ቀን ተረግጦ ሞተዋል። ካላለበስናቸው 13 ችግኞች ግን የተረፉት 4 ብቻ ናቸው። ሁሉንም ያጠጣነው እኩል ነው። ያለበስነውን አፈር በጣታችን ስንነካው በአምስተኛው ቀን እንኳ ይረጥብ ነበር፤ ያላለበስነው ግን በሁለተኛው ቀን ይደርቅ ነበር። እርግጥ ካላለበስናቸው ጥቂቶቹ ድንጋያማ ቦታ ላይ ስለ ነበሩ ልዩነቱ ሁሉ የጉዝጓዝ ነው አንልም። ቢሆንም ያየነው ለእኛ በቂ ትምህርት ነው።

ደስታችን ግን ሙሉ አልነበረም። ስሙ በጣውላ ላይ የተጻፈ ዘጠኝ ሕፃን «በሚቀጥለው ሳምንት» በማለታችን ምክንያት ችግኙን አጥቷል። ለእነዚህ ልጆች በጉባኤ ፊት ይቅርታ ጠይቀናል። ከዚያ ወዲህ ሳይለብስ በጋውን እንዲያልፍ የተውነው ችግኝ የለም፤ በግቢያችንም ቅጠል ማቃጠል ቀርቷል።

6. ከሰው የሰማናቸው ተቃውሞዎች

አንዳንድ እናቶች፣ «ልጆች፣ ግቢውን አቆሸሻችሁት እኮ» ብለውናል። ተቃውሟቸው ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አልተከራከርናቸውም። በየችግኙ ዙሪያ ድንጋይ ደርድረን ጉዝጓዙ ከክቡ እንዳይወጣ አደረግን፤ የሰው መተላለፊያውንም እንደ ቀድሞው በንጽሕና እንጠርጋለን። ከዚያም እጃቸውን ይዘን ከንጣፉ ሥር ያለውን አፈር አስነካናቸው። አንዲት እናት በሳምንቱ የቤታቸውን ቄጠማ በዘንቢል ይዘውልን መጡ።

ሌሎች ደግሞ፣ «በገጠር ገለባው ለከብት፣ ጭራሮው ለማገዶ ነው፤ ለመሬት የሚተርፍ ከየት ይመጣል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄያቸው እውነት ነው። ከብቱ የሚበላውን ወስዳችሁ ለመሬት አልብሱ አንልም። እኛ የምንናገረው ከብት የማይበላውን፣ ለማገዶም የማይሆነውን፣ ክብሪት የምንጭርበትን ወይም ከመንገድ ዳር የምንጥለውን የአጥር ክርካሚ ነው።

7. ማጠቃለያ

ችግኝ መትከል በአገራችን የታወቀ ሥራ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተገልጾ ነበር። በቋንቋችን ግን የተተከለ ሁሉ «ጸደቀ» አይባልም። ሥር ሰዶ፣ በጋውን ተሻግሮ የቆመ ብቻ ነው ጸደቀ የሚባለው። በመትከያው ቀን ብዙ ሰው ይገኛል፤ ፎቶግራፍ አንሺም አይጠፋም። ችግኙ የሚጸድቀው ግን በጥቅምትና በኅዳር፣ ማንም በማያይበት ቅዳሜ፣ ገጀራና ባልዲ ይዘው በሚገኙ ጥቂት ሰዎች እጅ ነው። እንግዲህ ተክለን ስንጨርስ ሥራው ገና መጀመሩ መሆኑን እናስተውል። መሬቱን ሳናለብስም «ጨረስን» አንበል።

የዚያ ሕፃን ወይራ ከ15ቱ አንዱ ነው። ዘወትር እሑድ ከትምህርት በኋላ ሄዶ ጉዝጓዙን ገለጥ ያደርግና አፈሩን በጣቱ ይነካዋል። ከዚያም መልሶ ይከድነዋል። ይህን እንዲያደርግ ያስተማረው ሰው የለም፤ እኛ ስናደርግ አይቶ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በግቢያችንና በቤታችን በየሳምንቱ የሚጣለው ወይም የሚቃጠለው ቅጠልና ቅርንጫፍ ስንት ባልዲ ይሆናል? ለስንት ችግኝ ይበቃል?
2. ጉዝጓዝ ከግንዱ መራቅ ያለበት ለምንድን ነው?
3. የተከተፈ እንጨት ከላይ ሲነጠፍና ከአፈር ጋር ሲቀላቀል ልዩነቱ ምንድን ነው?
4. «በሚቀጥለው ሳምንት እንጨርሳለን» ብለን የተውነው ሌላ ምን ሥራ አለን?